ሲወርዱ ቀላል ነው፦ የአዋሽን ገደል በመኪናና በእግር ስለመጎብኘት

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ የመውጫ ሰዓት ትራፊኩን አልፎ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መድረስ ቀላል አይደለምና መምጣታችሁን እናመሰግናለን። የዛሬው ርእሳችን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በተለይም በደቡብ በኩል ወንዙ ቆርጦ ያወጣው ገደል። ስለ ውበቱ ብዙ አናወራም፤ እሱን ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። የምናወራው ስለ አካሄዱ ነው፤ መቼ እንደሚነሱ፣ ምን እንደሚይዙ፣ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ።

አንድ ነገር እናስቀድም፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል። ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ፊቱን ያዞራል። መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ እንደምንም ይወርዳል። ገደል ግን ግልብጥ ነው። ጠዋት፣ ጉልበት ሳለ፣ አየሩም ሳይሞቅ ይወረዳል። ዳገቱ የሚመጣው እግር ሲዝል፣ ውሃ ሲያልቅና ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። መኪናውም ከዚህ አያመልጥም። አዲስ አበባ መሀል ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የፓርኩ ሜዳ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ። ስለዚህ መኪናችሁ ሲሄድ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወጣል። ብዙዎቹ ችግሮች የሚፈጠሩት ሰው መውረጃውን አይቶ መውጫውን ስለሚገምት ነው።

ቦታውን ለማታውቁት ባጭሩ እንግለጸው። ፓርኩ የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሕግ የጸናው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ለሁለት ይከፍለዋል፤ በሰሜን 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራና በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ፣ በደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ፏፏቴውና ገደሉ አሉ። ዋናው በር መተሐራን አልፎ አዋሽ ሰባት ከተማ ሳይደርስ በስተቀኝ ይገኛል። ከአዲስ አበባ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከበሩ እስከ ፏፏቴው ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ አለ።

የገደሉ ጥልቀት እስከ 150 ሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ቀና ብላችሁ የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ እዩት፤ ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ገደሉን መውጣት ማለት ከመሬት ተነስቶ የዚያን ሕንፃ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ያለ ሊፍት በእግር መውጣት ነው፤ ያውም በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ ደረጃውም የሚንሸራተት ኮረት ሆኖ።

ወንዙን በሚመለከት አዲስ አበቤ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዋሽ የሚነሳው ከከተማችን በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ አፋር ዳርቻ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የእኛ ከተማ ውሃም የእሱ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈውም ሆነ የቀበናው ወንዝ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከዚያ ቆቃ፣ ከቆቃ ደግሞ ወደ ታች ወደ ፓርኩ። እንግዲህ ፏፏቴው ላይ ሲናጥ የምታዩት ቡናማ ውሃ ውስጥ የከተማችን ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ጥራጊና የእርሻ ኬሚካል አለበት። «አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። መፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያወጣም። የሚጠጣውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ከዚህ ወይም ከአዳማ ጫኑ።

ሌላው የወንዙ ጠባይ ደግሞ ይህ ነው። የውሃው መጠን እናንተ ቆማችሁበት ባለው ሰማይ ላይ ብቻ አይመካም። ደጋው ላይ የዘነበውና በ1960 እ.ኤ.አ. የተሠራው የቆቃ ግድብ የለቀቀው ነው የሚወስነው። ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሃው ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ወንዙ መሀል ባለ ደረቅ ድንጋይ ላይ ምሳ መብላት፣ ፎቶ ለመነሳት እየዘለሉ ወደ ውስጥ መግባት አይገባም። አዞም አለ። አዞ ያለበት ወንዝ ዳር መንበርከክ፣ ፊት መታጠብ፣ እግር መንከር የለም፤ ውሃው ደፍራሽ ስለሆነ አዞው ያያችኋል፣ እናንተ አታዩትም።

ወቅቱን በሚመለከት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ላይ ያለው አፈር ሲርስ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ጥርሱ የተሞላ ጎማ ደግሞ እንደ ልሙጥ ጎማ ነው፤ ፎር ዊል እንኳ ይንሸራተታል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም ሙቀቱ ለእግር ጉዞ አይመችም። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ መኪና ውስጥ ሆናችሁ እንስሳቱን አይታችሁ፣ ፏፏቴውን ከላይ ተመልክታችሁ ብትመለሱ ምንም አይቀርባችሁም።

የሰዓቱ ጉዳይ ከወቅቱ ይበልጣል። በብዛት የሚደረገው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፤ እኛ አንመክረውም። ከመሀል ከተማ ሌሊት 11 ሰዓት ብትነሱ እንኳ በሩ ላይ ተመዝግባችሁ ፏፏቴው ስትደርሱ 3 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ገደል መውረድ የሚያበቃበት ሰዓት እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። የተሻለው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ አመሻሹ ላይ ፓርኩ ውስጥ ወይም አዋሽ ሰባት ማደር ነው። እሑድ ጠዋት ልክ ጎሕ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎቹን ማየት፤ ቀጥሎ በእግር መውረድ፤ 4 ሰዓት ላይ ከገደሉ ወጥቶ ጥላ ሥር መሆን፤ 6 ሰዓት ላይ መንገድ መጀመር። ስታቅዱ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከጨለመ በኋላ በዚያ አስፋልት ላይ እንዳትገኙ፣ ስንት ሰዓት ከፓርኩ መውጣት እንዳለባችሁ መጀመሪያ ጻፉ፤ የመነሻው ሰዓት ራሱ ይመጣል።

ለምን ጨለማውን እንደምንፈራ እንናገር። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ አለ፤ በእሱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከአዳማ በኋላ ወለንጪቲን አልፎ እስከ መተሐራና አዋሽ ያለው ግን የጅቡቲ መስመር ነው። የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በከባድ መኪና የሚመጣው በዚሁ ነው። የተበላሸ ከባድ መኪና መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሌለው ቅጠል ይቆርጣል ወይም ድንጋይ ይደረድራል። አስፋልት ላይ የተጣለ እርጥብ ቅርንጫፍ ካያችሁ ቆሻሻ አይደለም፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከፊት አንድ ነገር ቆሟል። የባሰው ደግሞ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዮቹ እዚያው መቅረታቸው ነው። ቀን ይታያሉ፤ ማታ ግን ጎማና ቸርኬ አብረው ይሄዳሉ። ግመልና ከብትም ማታ አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ፤ የግመል ዓይን ደግሞ ከመብራታችሁ ከፍታ በላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያንጸባርቅም።

አሁን ወደ መኪናው። ስለ ጎማ አየር ክርክር አይጠፋም፤ «ቆላ ስለምትወርድ ቀንስ» የሚል አለ፣ «ጨምር» የሚልም አለ። ስሌቱ ይህን ይመስላል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከአዋሽ ያነሰ ነው። እዚህ ከድናችሁ የያዛችሁት ባዶ ሃይላንድ መተሐራ ላይ ጨምድዶ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ጎማም እንዲሁ ነው፤ እዚህ 32 ፒ.ኤስ.አይ የሞላችሁት፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ አዋሽ ላይ 30 ገደማ ያነባል። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። ከንጋቱ 15 ዲግሪ ወደ ቀትሩ 35 ሲገባ የውስጡ አየር ተለጥጦ 3 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ይቻቻላሉ። ስለዚህ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ሙሉና ተዉት። መንገድ ላይ ግሎ ሳለ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱ። ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ አስፋልት ላይ የሚፈነዳው በአብዛኛው የሞላው ሳይሆን ያነሰው ነው።

ስኮርታውንም ለኩት። ስኮርታ ይዞ ክሪክ የሌለው፣ ክሪክ ይዞ ስኮርታው ባዶ የሆነ መኪና ብዙ ነው። ክሪኩ ለስላሳ አፈር ላይ ይሰምጣልና 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ የሚደረግ ያዙ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን ግማሽ ዙር አላሉ፤ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ብትሞክሩ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ መኪናውም ከክሪኩ ላይ ሊወርድ ይችላል። ቀይራችሁ 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። የግራር እሾህ ጎማ ውስጥ ተሰክቶ ካያችሁ ደግሞ አትንቀሉት። እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይዟል፤ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው። አየሩን እየለካችሁ መተሐራ ወይም አዋሽ ጎሚስታ ድረስ ሂዱ። ሜዳ ላይ የነቀለ ሰው ሜዳ ላይ ይቀይራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ብዙዎቻችሁ እንደሆናችሁ እንገምታለን፣ ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገር፤ የመውረድና የመውጣቱ ነገር በደንብ የሚታየው እናንተ ላይ ነው። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ የሞተር ብክነት ተጨምሮ፣ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሲወርድ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ያህሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ መሄጃው ከመመለሻው በ12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቀልላል። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ሞልታችሁ ከዚህ ብትነሱ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 እየበላ፣ በሩ ላይ 29 ገደማ ቀርቶት ትደርሳላችሁ። «ግማሽ አለኝ» ትላላችሁ። ፓርኩ ውስጥ በዝግታና በጠጠር 40 ኪሎ ሜትር ስትዞሩ 8 ይሄዳል፤ 21 ይቀራል። ከበሩ እስከ አዳማ 110 ኪሎ ሜትሩ 19፣ ዳገቱ 4፣ በድምሩ 23 ይጠይቃል። መንገድ ላይ ቀራችሁ ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣውን ገና ሳንቆጥር። መፍትሔው ስትሄዱ አዳማ ላይ መሙላት ነው፤ ስትመለሱ አይደለም። አዳማ ሞልታችሁ ከወረዳችሁ ፓርኩን ዞራችሁ ስትመለሱ ከ10 በላይ ይተርፋችኋል። የምታድሩበት ቦታ ሶኬት ቢኖረውም መብራት ሊጠፋ ይችላልና በእሱ ላይ አትተማመኑ።

ለቤንዚንና ለናፍጣ መኪና ምክሩ ያው ነው፤ አዳማ ላይ ሙሉ። መተሐራና አዋሽ ማደያ አለ፤ ሰልፉን ግን ማንም አይተነብይም። የቆየ መኪና ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። መርፌው ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ለእናንተ ስቃይ ነው፣ ለሞተሩ ግን ሁለተኛ ራዲያተር ይሆንለታል። ካልበረደ ዳር ያዙ፣ ኮፋኖውን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንኩ። ግፊት ውስጥ ያለ የፈላ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ፓርኩ ውስጥ ከገባችሁ ከ30 በላይ አትንዱ። ሳላ ከሩቅ መኪናን አይፈራም፤ የሚፈራው የሚወርድ ሰው ነው። ሞተር አጥፍታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ራሱ ይጠጋል። ከመንገድ ወጥታችሁ ሣሩ ላይ አትንዱ፤ የጎማው ዱካ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ይሆናል። የሜዳ ፌቆ፣ ከርከሮ፣ ሰጎን ሜዳው ላይ፣ አምባራይሌ ቁጥቋጦው ውስጥ ፈልጉ። ዝንጀሮዎቹን በተለየ ዓይን እዩአቸው፤ አዋሽ ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች፣ ባለ ጎፈሬው የበረሃ ዝንጀሮና የደጋው ዘመዱ፣ የሚገናኙበትና የሚዳቀሉበት ቦታ ነው። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተመላለሱበት ጉዳይ ነው። ምግብ ግን አትስጧቸው። ሰው የሰጠው ዝንጀሮ ቀጥሎ የመጣውን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል፤ ፏፏቴው አካባቢ መስኮት ከፍቶ መውረድ ምሳን ማስረከብ ነው።

እግር ጉዞው ላይ እንቆይ። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጠባቂ፣ አትውረዱ፤ በሩ ላይ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ለስካውቱ ውሃና ምሳ እናንተ ያዙለት። ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እናንተ እየጠጣችሁ እሱን ማስጠማት ደግሞ ነውር ነው። ስትወርዱ ሰዓት ያዙ። ለመውረድ 40 ደቂቃ ከፈጀ ለመውጣት 80 መድቡ። ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም ብላችሁ ቁጠሩ፤ የምትመለሱበትን ሰዓት በሩ ላይ ወይም የምታድሩበት ቦታ ተናገሩ።

ውሃውን ለሦስት ክፈሉት፤ አንዱ እጅ ለመውረጃ፣ ሁለቱ እጅ ለመውጫ። የመውረጃው ካለቀ፣ የትም ድረሱ የት፣ እዚያው ላይ ተመለሱ። ለሦስት ሰዓት ጉዞ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ያዙ። ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። በላብ ጨውም ይወጣል፤ ባዶ ውሃ ደጋግሞ የጠጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጓደኞቹም «ውሃ ጨምር» ይሉታል፤ የባሰ ይሆናል። ጨው ያለው ቆሎ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ እፍኝ ብሉ፤ ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ገዝታችሁ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከረጢቱን በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ሆድ ያበላሻል እንጂ አያበረታም።

ልብስ ላይ ደጋና ቆላ ይለያያሉ። ስሜን ተራራ ላይ የረጠበ ጥጥ ብርድ ያስገባል፤ እዚህ ግን የምትፈልጉት ያንኑ ነው። መውጣት ከመጀመራችሁ በፊት ነጠላ ወይም ሻሽ በውሃ ነክራችሁ አንገትና ራስ ላይ ጣሉ፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይወስዳል። ሩብ ሊትር ለዚህ ማዋል ብክነት አይደለም። ጫማው ሶሉ ጠንካራ፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ የግራር እሾህ የስኒከርን ስስ ሶል ይበሳል። ከሁለት ቀን በፊት የእግር ጥፍር ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደፊት ይገፋል፤ ረጅም ጥፍር ጫማው አፍንጫ ላይ እየተጋጨ ይጠቁራል፣ ችግሩ የሚሰማው ደግሞ ታች ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ስትወርዱ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ አጥብቁ፣ ስትወጡ አላሉት።

ኮረት ላይ አንዱ ከአንዱ ቀጥታ ከላይ ሆኖ አይሄድም፤ የላይኛው የነካው ድንጋይ የታችኛው ራስ ላይ ያርፋል። ወይ ተጠጋግታችሁ ሂዱ፣ ወይ ተራ በተራ። እጃችሁን ዓይናችሁ ያላየው ስንጥቅ ውስጥ አትክተቱ፤ እባብ ጥላ ይወዳል። ስትወጡ የምትናገሩበት ትንፋሽ ይኑራችሁ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። ቡድኑን የሚመራው ደካማው ይሁን። ጠንካራው ቀድሞ አፋፍ ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ የኋለኛው ለመድረስ ይጣደፋል፤ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሙቀት የመታው ሰው መጀመሪያ ያልበዋል፣ ይገረጣል፣ ያዞረዋል። ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ አብዛኛው በግማሽ ሰዓት ይሻለዋል። ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተወላገደ ወይም ካንቀላፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ በአፉ ምንም አትስጡት። ያላችሁን ውሃ ሁሉ ራሱ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አፍስሱ፣ በነጠላ አራግቡለት፣ አንድ ሰው ሽቅብ ወጥቶ እርዳታ ይጥራ። ማቀዝቀዙ ይቅደም፣ መሸከሙ ይከተላል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ እዚህ ፎቅ ላይ ያላችሁም ሌሊት ተሰምቷችኋል። ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ለእግረኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ገደል ግድግዳ ላይ ያለው ድንጋይ የተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ጥላ ፍለጋ ከተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር አትቀመጡ፤ ከግድግዳው ራቅ ያለ ዛፍ ፈልጉ። ከአፋፉም ሁለት ሦስት እርምጃ መለስ በሉ፤ ጠርዙ ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ጠንካራ ሊመስል ይችላል። ፈንታሌን መውጣት የምትፈልጉ፣ የዚያን ሰሞን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትነሱ።

ፓርኩ ውስጥ ከብትና ግመል ስታዩ ብዙ ጎብኚ ይናደዳል። የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ግን ፓርኩ ሳይኖርም ነበሩ። የወንዙን ዳር ግጦሽ የስኳር እርሻው ወሰደው፣ ሜዳውን ፓርኩ፤ በስተምዕራብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ መሬት ዋጠ፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። በድርቅ ወቅት እረኛው ወዴት ይሂድ? የፓርኩ ሣርም እያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ጎብኚ መስኮት አውርዶ በመሳደቡ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ሰላምታ ስጡ፣ ከብቱ እስኪያልፍ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። ሰው ፎቶ ለማንሳት በስካውቱ በኩል አስፈቅዱ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ላይ ካሜራ አታንሱ።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነስቷል፤ ሁለቱን እዚህ አክለናል።

አንድ አባት «ቪትዝ ነው ያለኝ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ጠየቁ። መልሳችን፦ በበጋ እስከ ፏፏቴው ድንጋይ እየመረጡ በዝግታ ይደርሳሉ፣ አባባ። አምስት ሰው ጭነው ግን አይግቡ፤ መኪናው ዝቅ ሲል የሞተሩን ዘይት መያዣ ድንጋይ ይመታዋል፤ ዘይት ፈሶ ካልታየ ሞተሩ ይቃጠላል። ጎርበጥ ያለ ቦታ ሲደርሱ ተሳፋሪው ይውረድና በእግር ይሻገር። ድንጋይ መታኝ ብለው ከጠረጠሩ አምስት ደቂቃ ቆመው ከሥር ይመልከቱ። ወደ ፍልውሃው የሚወስደው መንገድ ግን የፎር ዊል ነው፤ እሱን ይተዉት።

አንዲት እናት ደግሞ የሰባትና የአሥር ዓመት ልጆች ይዘው መሄድ እንደሚችሉ ጠየቁ። ይችላሉ፤ ገደሉን ግን ከላይ ይዩት። አፋፉ ላይ አጥር የለም፣ ልጅ ደግሞ ዝንጀሮ አይቶ ይሮጣል፤ ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ፣ እጅ ለእጅ። ልጆች ከአዋቂ ቀድመው ይሞቃሉ፣ ደከመኝ ለማለት ግን ይዘገያሉ፤ ጨዋታ ያቆመ ልጅ ውሃ የጠማው ልጅ ነው። ማታ አጎበር ሳይኖር አታስተኟቸው፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ እጅና እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ አልብሷቸው። አዋሽ የወባ አገር ነው። ከተመለሳችሁ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ ልጁን ካተኮሰው ክሊኒክ ስትገቡ መጀመሪያ «አዋሽ አድረን ነበር» በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ታይፎይድ ነው፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የወባ ደም ምርመራ ይሠራለት።